ቁርጡን ያልነገረኝ ሰው

ጋሽ ግርማቸው ከሞተ ስምንት ወር አልፎታል። ማማ ታንዲ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቄ የብረት መስኮት ትጠጋና ሰማዩን በአገጯ እያሳየች «ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬ ከአስር ስንት ነው?» ትለኛለች። ማማ ታንዲ እዚህ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው ኦሬንጅ ፋርም፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ጥግ ላይ፣ ማግዊንያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ምድጃዋ ሜዳ ላይ ስለሆነ ዝናብ ድንገት ከመጣባት የቀኑ ሥራዋ አበቃ ማለት ነው። ጋሽ ግርማቸው እያለ የዝናቡን ዕድል በየጠዋቱ እሱን ትጠይቀው ነበር። «ከአስር ስድስት» ካላት ላስቲኳን ትወጥራለች፤ «ከአስር ሁለት» ካላት ትተወዋለች። አሁን የምትጠይቀው እኔን ነው። «አላውቅም ማማ» እላታለሁ። «ማዳላው ሳያስተምርህ ሄደ?» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ ዞሬ ዳቦ እደረድራለሁ።

ማዳላ እዚህ ሽማግሌ ማለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ አንቱ ስለው ሦስት ቀን ታግሶኝ በአራተኛው ቀን «ማቲዎስ፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለው ሁሉ ማዳላ ይለኛል። አንተ ደግሞ ከውስጥ አታስረጀኝ፤ አንተ በለኝ» አለኝ። ስለዚህ አንተ አልኩት። አንተ እያልኩ ሳወራ አንዳንድ ያገሬ ልጆች እንደ ድፍረት ያዩብኛል፤ እሱ የፈቀደው ነው።

ስለ እሱ ከመናገሬ በፊት የራሴን ጠባይ ልናገር፤ ካልሆነ ነገሩ አይገባም። እኔ ቁርጡን የምወድ ሰው ነኝ። ዕቃው ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ ወረቀቱ ይታደሳል ወይስ አይታደስም፣ አንዱን ንገረኝና ልረፍ ባይ ነኝ። መሀል ላይ የሚንጠለጠል መልስ ያሳምመኛል። ጋሽ ግርማቸው ደግሞ አብረን በኖርንበት አንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሙያው አየር ንብረት ነበር። አገር ቤት ብዙ ዓመት የዝናብና የወንዝ ነገር ሲያጠና ኖሮ ለዶክትሬት ጆሃንስበርግ መጣ። ትምህርቱ ሳያልቅ የሚደግፉት ሰዎች ድጋፉን አቆሙ። ከዚያ በኋላ ተማሪ እያስጠና፣ ለእኛ ለስደተኞቹ ደብዳቤና ቅጽ እየተረጎመ መሀል ከተማ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር። የተዋወቅነውም የኔን ወረቀት ሊተረጉምልኝ ነው። ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ ገብቶ አገሩ ይዘጋ በተባለበት ሳምንት ደወለልኝና ከሱቄ ጀርባ ማረፊያ ቦታ እንዳለ ጠየቀኝ። አለ አልኩት።

«ለስንት ጊዜ ነው ጋሼ?» አልኩት፤ ነጋዴ ነኝና።

«ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ዓመት» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልዱን አልነበረም። እንግዲህ ስታዩት ከተናገረው ውጪ አልወጣም።

የመጣው በታክሲ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ካርቶን ወረቀትና አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ሥዕል ይዞ። ቀጭን፣ ወገቡ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የመነጽሩን አንድ ጎን በክር ያሰረ ሰው ነበር። ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ ከዚያ ሁለት መዳፎቹን ፊት ለፊት አድርጎ በመሀላቸው ክፍተት ይተዋል። ጥሩ አድርጎ ለሚያውቀው ነገር ክፍተቱ ጠበብ ይላል፤ ለማያውቀው ይሰፋል። መዳፎቹ ሲገጥሙ ግን አይቼ አላውቅም። ደንበኞቼም ይህን ለምደውበት፣ «ማዳላ፣ አውቶቡሱ መቼ ይመጣል?» እያሉ እጃቸውን እንደሱ ዘርግተው ያሾፉበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ሥዕሉን ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አንድ ላይ የሚነሱ፣ ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ወደላይም ወደታችም የሚበታተኑ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩበት። ድመት የተጫወተችበት ክር ነው የሚመስለው።

«እያንዳንዱ ክር አንድ ሞዴል ነው» አለኝ። «ሞዴል ማለት ሰማዩን፣ ባሕሩን፣ ንፋሱን በሒሳብ አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስኬድ ነገር ነው። ሁሉም ያንኑ የእኛን አገር ዝናብ ነው የሚተነብዩት።»

«የትኛው ነው ትክክሉ?»

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሳሳታሉ። ሙቀቱ እንደሚጨምር ሁሉም ይስማማሉ። ዝናቡ ላይ ነው የሚጣሉት። ይኸኛው ይበረታል ይላል፣ ያኛው ይቀንሳል ይላል። የሚበዙት ይጨምራል ሲሉ መሬት ላይ ያለው መለኪያ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ቀንሷል ይለኛል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተማርክ?» አልኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን አልተቀየመኝም። «የማላውቀው ነገር የቱን ያህል እንደሆነ በደንብ ለካሁ። እሱም ቀላል አይደለም» አለኝና ዳቦ ሊገዙ የመጡትን ማስተናገድ ቀጠለ።

ዳቦ ካልኩ የዳቦውን ነገር ልንገራችሁ። የዳቦው ሹፌር ለነገ ስንት እንደምፈልግ ዛሬ ይጠይቀኛል። ካበዛሁ ይደርቅብኛል፤ ካሳነስኩ መስኮቱ ላይ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጋሽ ግርማቸው በመጣ በሁለተኛው ወር፣ በየቀኑ የሚሸጠውን፣ ብርዱን፣ ሰው የመንግሥት ድጎማ የሚቀበልበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ ሲጽፍ አይቼ፣ እንግዲህ የተማረ ሰው ቤቴ ገብቷል፣ ጥቅሙን ላግኝ ብዬ «ለቅዳሜ ስንት ልዘዝ?» አልኩት።

መነጽሩን ጠረገ። እጆቹን ዘረጋ። «ከስልሳ እስከ መቶ አስር።»

«ጋሼ፣ ሹፌሩ እኮ ከዚህ እስከዚህ የሚባል ነገር አይቀበልም። ቁርጡን ንገረኝ።»

«ቁርጡ እኮ ይኸው ነው። ሰማንያ አምስት ብልህ ደስ ይልሃል፤ ግን ዋሽቼሃለሁ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ቢተርፍህ ምን ታደርገዋለህ?»

«ለጎረቤት እሰጣለሁ። የደረቀውንም እራሳችን እንበላለን።»

«ቢያንስህስ?»

«ሰዉ ወደ ሶማሌው ሱቅ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ስኳሩንም ዘይቱንም እዚያው መግዛት ይለምዳል።»

«አየህ፣ የሁለቱ ስህተት ጉዳት እኩል አይደለም። ቁጥሩን ባታውቀውም የትኛው ስህተት እንደሚብስ ታውቃለህ። ለውሳኔ ይህ ይበቃሃል።»

መቶ አዘዝኩ። ያን ቅዳሜ ሰላሳ ያህሉ ተረፈኝና ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከርን በላን። እኔ በየጉርሻው እነጫነጫለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ያኝካል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ መቶው ከምሳ በፊት አለቀ። «ትክክል ነበርክ» ስለው «ባለፈው ቅዳሜም ትክክል ነበርኩ» አለኝ። ይህን አባባሉን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንዳንድ ቀን አሁንም የገባኝ አይመስለኝም።

እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ሊሞላን ሲል፣ አገር ቤት ካለው የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሽመልስ የሚባል ሰው ደወለለት። በድሮው ጊዜ በሥራ የሚያውቀው ልጅ ነው፤ አሁን አለቃ ሆኗል። አንድ ወንዝ ዳር ያለ ቀበሌ አለ፤ ነዋሪዎቹ ክረምት ሳይገባ ወደ ዳገቱ ይነሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጥናቱ በእንግሊዝኛ አለ፤ ኮሚቴው የሚያነበው ጥቂት ገጽ በአማርኛ ጻፍልን አለው። ወንዙን ከጋሽ ግርማቸው የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለም ነገረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ምግብ ይረሳል። ደንበኛ ስኳር ሲጠይቀው ጨው ይሰጣል። ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አንድ ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሻይ ይዤለት ገባሁና በትከሻው በኩል አየሁ። ገጹ ላይ ካለው ጽሑፍ የተሰረዘው ይበልጣል።

«ምንድን ነው የጠፋብህ?»

«አንድ ቃል። ሞዴሎቹ አለመስማማታቸውን፣ የምናውቀው ከዚህ እስከዚህ መሆኑን የሚገልጽ ቃል።»

አማርኛ ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤትና በገበያ ነው። ቢሆንም ይህ ቀላል መሰለኝ። «ጥርጣሬ በላ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። አልጠረገውም፤ ዝም ብሎ ይዞት ተቀመጠ። ዓይኑ ሲሞላ አየሁና ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ነገሩን ነገረኝ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያው ወንዝ ነው፤ ቀበሌው ግን ሌላ፣ ወደ ላይ ያለው። ያን ጊዜም ኮሚቴ ነበር፤ ያን ጊዜም ጥናቱን በአማርኛ የጻፈው እሱ ነበር። አንዳንዱ ሞዴል ጎርፉ ይበረታል፣ አንዳንዱ አይበረታም ማለቱን በሐቅ አስቀመጠ። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚሉት ቃል አላቸው፤ ከየት እስከ የት እንደሚሆን ማወቅ ይቻላል፣ ቁርጡን ማወቅ ግን አይቻልም ለማለት ነው። እሱ ያንን ቃል በየገጹ ጥርጣሬ ብሎ ተረጎመው።

«ጥርጣሬ በእኛ አማርኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ሰውየው አላመነበትም ማለት ነው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ባለሙያው ራሱ የተጠራጠረውን ነገር እኛ አምነን ሕዝብ ከቀዬው እናንሳ ወይ አለ። ጥናቱ እስኪጠራ ይቆይ ተባለ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። እጄን አውጥቼ ቃሉ ነው የተሳሳተው ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ የቃል ጉዳይ አልመሰለኝም። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም ማቲዎስ። ያነበበው የጻፍኩለትን ነው።»

በዚያ ቀበሌ ኡመር የሚባል ሰው ነበር። ሥራው በየማለዳው ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ቀለም የተቀባ መለኪያ አንብቦ ቁጥሩን መላክ ነው። ቤቱ ከወንዙ ዳር የሆነው ለዚሁ ሥራ ሲባል ነው። ኮምፒውተሩ ሲመገብ የኖረው የኡመርን ቁጥሮች ነው። ጥናቱ እስኪጠራ ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ወንዙ ወጣ። ኡመርና ብዙ ጎረቤቶቹ አልተረፉም። ለጋሽ ግርማቸው የላከው የመጨረሻ መልእክት ቁጥር ብቻ ነው። ሁልጊዜ ሰላምታ ያስቀድም የነበረ ሰው ያን ቀን ሰላምታ እንኳ አልጻፈም።

«ከዚያ በኋላ እዚያ ቢሮ መቀመጥ አልቻልኩም» አለኝ። «ለትምህርት ነው የመጣሁት ስልህ ግማሹን ነው የነገርኩህ።»

እኔም ሻዩን አስጠጋሁለት።

ሳምንታት ቃል ስንፈልግ ቆየን። አንድ ቀን ከመዝገበ ቃላት «ኢርግጠኝነት» የሚል አምጥቶ አነበበልኝ። የሳል መድኃኒት ስም ነው የሚመስለው አልኩት። «አሻሚነት» አለኝ። ኮሚቴው ጠበቃ የሚጠራ ይመስለኛል አልኩት። ሳቀ፤ ግን ሳቁ ወዲያው ነው የጠፋው። የሚነሱትን ሰዎችም ያስብ ነበር። ሰው ከቀዬው ይነሳል ብሎ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ ደጋግሞ ይነግረኛል። ስለዚህ እርሻው ወንዙ ዳር እንዲቆይ፣ ቤቶቹ ብቻ ወደ ዳገቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መንገዱ እንዲጠጉ አሰበ። «ውሃው ባይመጣ እንኳ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ይቀርባሉ። ቢሳሳት የማይጎዳ ነገር ነው መፈለግ ያለብኝ» ይል ነበር። ያ ሁሉ ተጽፏል። የቀረው ያቺ ቃል ብቻ ናት።

መፍትሔው የመጣው ከብየዳ ነው። ያን ሰሞን በአካባቢው ሱቅ ይዘረፋል የሚል ወሬ በዝቶ ነበር። እኔም ብረት በያጅ አምጥቼ የመስኮቱን ፍርግርግ በድርብ አስገጠምኩ። ጋሽ ግርማቸው በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይመጣሉ ብለህ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

ብየዳው ጆሮዬን አደንቁሮኝ፣ ጭሱም ዓይኔን አቃጥሎኝ ስለነበር በንዴት ነው የመለስኩለት። «እርግጠኛ ብሆንማ ዕቃዬን ጭኜ እሄድ ነበር። ይመጡ አይመጡ ስለማላውቅ ነው እንጂ ብረት የማስገጥመው።»

እሱም ቀስ ብሎ «ስለማላውቅ ነው» ብሎ ደገመው። ወደ ጓዳ ገባ። ከሰዓት በኋላ ጠራኝና አነበበልኝ። ቃሉን ትቶታል። በቃሉ ፋንታ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር አስገብቷል። «ወንዙ መቼ እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚወጣ አናውቅም። ሰዎቹ አሁን መነሳት ያለባቸው ይህን ስለማናውቅ ነው።»

«እንዴት ነው?» አለኝ፤ ፊቱ እንደ ተማሪ ፊት ሆኖ።

«ገባኝ» አልኩት።

«አንተ ከገባህ ይገባቸዋል» አለኝ። አማርኛዬን ሊነካ ፈልጎ ይሁን ሊያመሰግነኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም። ወረቀቱን በዚያው ቀን ላከ። ከዚያ ወጥቶ ማማ ታንዲ ጋ ሄደና ጉልት ላይ ተቀምጦ አራት ማግዊንያ በላ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከሽመልስ መልስ ሳይመጣ ሳምንታት አለፉ። ክረምቱ አገር ቤት እየገባ ነው፤ እዚህ ደግሞ ብርዱ ጠንክሯል። ሦስተኛው የበሽታው ዙር ጆሃንስበርግን ያጠቃበት ሰሞን ነው። በሬዲዮ ሆስፒታሎች ሞሉ ይባላል። ክትባቱ ገና በጋሽ ግርማቸው ዕድሜ ላሉት አልደረሰም። ሰኞ ዕለት ማሳል ጀመረ። ማክሰኞ ክሊኒክ ወስጄው፣ ለረጅም ሰዓት ብርድ ላይ ተሰልፈን ከአፍንጫው ናሙና ወሰዱለት። ነርሷ ውጤቱ በሁለት ቀን ውስጥ በስልክ መልእክት ይመጣል አለችን።

ረቡዕ ትኩሳቱ ጨመረ። ማማ ታንዲ በመስኮቱ በኩል ሳሉን ሰማችና «ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰደው» አለችኝ።

«ውጤቱን እየጠበቅን ነው።»

«የምን ውጤት? ከስድስት በላይ ከሆነ ላስቲክ ይወጠራል፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። የዚህ ሰውዬ ሳል ከስድስት በላይ ነው።»

ምክንያቴ ብዙ ነበር። ሆስፒታል ከገባ ማንም እንዳይጠይቀው ተከልክሏል። ጉንፋን ብቻ ከሆነ በሽታውን ከዚያ ይዞት ሊመለስ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱም ጊዜው አልፎበታል፤ በር ላይ ምን እንደሚሉት አላውቅም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን እኔ ቁርጡን ሳላውቅ መንቀሳቀስ አልፈለግኩም። ሐሙስ ጠዋት ተቀምጦም እያለ ይተነፍስ የነበረው ደረጃ እንደወጣ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እንሂድ ወይ?» አልኩት።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ውጤቱ ዛሬ መምጣት አለበት። ቁርጡን እንወቅና እንሂድ።»

እንዲቃወመኝ ጠብቄ ነበር። ስለ ዳቦ ያን ያህል የተከራከረኝ ሰው ስለ ራሱ ግን አልተከራከረኝም። «እሺ፣ እንወቅ» አለኝ። ፈርቶ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሲፈራ እንደማንኛችንም ቁርጡን የሚፈልግ ሰው ሆነ። ያን ሰዓት እሱ ያስተማረኝን መልሼ ለእሱ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጠን፣ እያንዳንዱ መልእክት በገባ ቁጥር እያየን ሐሙስን ዋልን። የሚገባው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከንፈሩ ጠቆረ። አምቡላንስ ደውለን አልመጣልን ሲል የማማ ታንዲ ወንድም በታክሲው ወሰደን። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ነው የሄድነው። በመንገድ ላይ እጄን ይዞኝ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀበሉት። ሐኪሟ «መቼ ነው የጀመረው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጻፈችው። እሁድ ጠዋት ደውለው ነገሩኝ።

ቀብሩ ላይ እንድንገኝ የተፈቀደልን ጥቂት ሰዎች ነበርን። አንድ ቄስ ከከተማ መጥተው ፍትሐት አደረጉለት። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የሚባለውን ግእዝ አላውቀውም፤ ሌሎቹ አሜን ሲሉ እያየሁ አሜን አልኩ። ማማ ታንዲ አጥሩ ጋ ራቅ ብላ ቆማ ታለቅስ ነበር። እኔ ያን ቀን አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ፣ ያን የተበታተነ ክር የሚመስል ሥዕል ከግድግዳው ላይ ስነቅል ነው።

የእሱን ስልክ ግን አልዘጋሁትም። ዘመዶቹ ቢፈልጉት ብዬ ቻርጅ እያደረግኩ ሱቁ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከቀብሩ አሥር ቀን በኋላ፣ ዳቦ እያራገፍኩ ሳለ ጮኸ። ሽመልስ ነው።

«አቶ ግርማቸው፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ጀመረ።

ማንነቴን ነገርኩት። ከዚያ መሞቱን ነገርኩት።  

«ነፍሳቸውን ይማር» አለኝ። «የደወልኩት ሰዎቹ ተነሱ ልላቸው ነበር። ሁሉም ወደ ዳገቱ ወጥተው ቤት እየሠሩ ነው። ሰብሳቢው ሌላውን ገጽ ሁሉ አልፎ፣ ስለማናውቅ ነው የምትለዋን ለአዳራሹ ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከረም።»

«ወንዙስ?» አልኩት።

«እስካሁን አልወጣም። አንዳንዶቹ በከንቱ አስነሳችሁን እያሉ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ፤ በሕይወት አሉ።»

አረፍተ ነገሯ የማን እንደነበረች አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ። አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች በእሷ ተነስተው ዳገት ወጥተዋል። እኔ ከአፌ የወጣችውን ረስቼ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ከሚለየኝ ሰው ጋር ተቀምጬ ጠበቅኩ።

«እንዴት ነው የሞቱት?» አለኝ ሽመልስ። «ሆስፒታል አልወሰዳችኋቸውም?»

«ወሰድነው። ግን የምርመራው ውጤት ይምጣ ብለን ቀን አሳለፍን። እኔ ነኝ እንጠብቅ ያልኩት።»

«ውጤቱ መጣ?»

«ከቀብሩ ማግስት መጣ።»

«ምን ይላል?»

የዳቦው ሹፌር ከመስኮቱ ውጪ ቆሞ ለነገ ስንት እንደምፈልግ በጣቱ እየጠየቀኝ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ውጤቱ አልለየም፤ ተመልሰው ሌላ ናሙና ይስጡ ይላል» አልኩት።